ዶካር ያልተሰቀለላት በለስ

መጋቢት 4

ዛሬ ጠዋት ባቄላውን ስኮተኩት ዳ በላይድ መጥተው አጥሩ ላይ ተደገፉ። ቀሲ ይባል የነበረው የሟቹ ባሌ ታላቅ ወንድም ናቸው፣ «ዳ» የምንለው ለታላቅ ወንድ ነው፤ ቤታችን ግድግዳ ለግድግዳ ነው። የእሳቸው ሰላምታ ከረዘመ ነገር አለ ማለት ነው።

«እንዴት አደርሽ ጀጂጋ? ጉልበትሽስ?»

«ደህና ነው፣ ዳ በላይድ።»

«ባቄላሽ አምሮበታል።»

«ፍግ ጠግቦ ነው።»

«እንግዲህ…» አሉና ጓሮው ውስጥ ወዳለችው የበለስ ዛፍ አዩ። «ልጄ ሊያስ አግብቷል። ሚስቱን ይዞ ከእኛ ጋር እስከ መቼ ይታጨቃል? አንቺን ከቤትሽ የሚያወጣሽ የለም፤ እኔ ቆሜ እያለሁ አይሆንም። ጓሮውን ግን ለልጁ ቤት ልሠራበት ነው።»

መሬቱ የአባታቸው ነው። በእኛ ዘንድ ሴት መሬት አትወርስም፤ ይህን ደንብ ያወጡት ዳ በላይድ አይደሉም። ስለዚህ መሬቱን ተውኩት።

«በለሷስ?» አልኩ።

«በለሷ ቀሲ ከሞተ ወዲህ አንድ ፍሬ አብስላ ታውቃለች? የሚያፈራ በለስ አልቆርጥም፤ መንደሩ በምን ዓይኑ ያየኛል? የማታፈራ ግን ማገዶ ናት።»

«ዘንድሮ ካፈራችስ?»

ሳቁ። ክፉ ሳቅ አልነበረም። «ሸንጎው በለስ ይበላ ብሎ በሚፈቅድበት ቀን እዚህች ዛፍ ላይ የበሰለ ፍሬ ካየሁ፣ ለሊያስ ሌላ ዘዴ እፈልጋለሁ። ይኸው ቃሌ።»

ከሄዱ በኋላ ያንኑ የባቄላ መደብ ሁለት ጊዜ ኮተኮትኩት። ፍርሃት መስሎኝ ነበር። አሁን ቁጭ ብዬ ሳስበው ግን ደስታ ነው። ቀሲ ከሞተ ወዲህ ስለዚህ ጓሮ ቃል የሰጠኝ ሰው አልነበረም።

ልጄ ትምህርት ቤት ስትገባ አብሬአት ነው ፊደል የቆጠርኩት። እሷ አግብታ ሄደች፤ ፊደሉ እኔ ዘንድ ቀረ። ከዛሬ ጀምሮ የምሠራውን ሁሉ እጽፋለሁ።


መጋቢት 7

የቲማቲም ዘር ባዶ የእርጎ ኩባያ ውስጥ ዘራሁ። የኩባያውን ቂጥ በምስማር በሳሁት፤ ውሃ ካቆረ ሥሩ ይበሰብሳል። ዘር ከመጠን በላይ ሲቀበር ወደ ብርሃን ሲወጣ መንገድ ላይ ይደክመዋል፤ ስለዚህ በጣት ጫፍ አፈር ብቻ አልብሼው ፀሐይ የሚገባበት መስኮት ሥር ደረደርኩት። ቃሪያውንም ድቡልቡል ዱባውንም እንደዚሁ። ዛሬ ካልዘራሁት ነገ ይዘገያል።

«ነገ ይዘገያል» ብዬ መጻፌን አሁን አየሁት። ሌላ ጊዜ «በጊዜው ይሠራ» ብዬ እጽፋለሁ።


መጋቢት 16

በቀለ! አንገታቸውን እንደ ደፉ ሕፃናት ናቸው። አሥር ጊዜ እየሄድኩ አየኋቸው፤ ምሳዬ አረረ።


መጋቢት 22

የሊያስ ሚስት መጣች። ሲሊያ ትባላለች። አልጀርስ ከተማ ውስጥ ፎቅ ላይ ያደገች ናት። አማቷ ድንብላል እንድታመጣ ልካት፣ ጓሮው መሃል ቆማ የካሮቱን ቅጠል ስትነቅል ደረስኩ።

«እሱ ካሮት ነው» አልኳት።

«ካሮት ቅጠል አለው እንዴ?»

አልሳቅኩም። እሷ ግን ራሷ በራሷ ላይ ሳቀች፤ እኔም ያኔ ሳቅኩ። ቅጠሉን በጣቷ አሽታ እንድታሸት አደረግኳት። «የማታውቂውን ቅጠል መጀመሪያ አሽትቺው» አልኳት። ድንብላሉን ይዛ በሩ ላይ ስትደርስ ዞር አለችና፣

«ላላ ጀጂጋ፣ ቤቱ እዚህ እንዲሠራ የጠየቅኩት እኔ አይደለሁም» አለችኝ፤ ታላቅ ሴትን በክብር «ላላ» እንላለን።

«አውቃለሁ ልጄ።»

«ነገ ልምጣ? ካሮቱን መልሼ ልትከለው።»

የተነቀለ ካሮት ተመልሶ አይተከልም። ነገር ግን ነይ አልኳት።


ሚያዝያ 3

ከጁርጁራ ተራራ ብርድ ወረደ። ውጭ እንዲለምዱ ያወጣኋቸውን ችግኞች በባልዲ፣ በድስት፣ በቀሲ አሮጌ ካፖርት ሸፈንኩ። ሲሊያ የአማቷን የኩስኩስ ድስት ሰርቃ አመጣች።

አንድም አልሞተም።


ሚያዝያ 8

ሊያስ የጭነት መኪና ይዞ መጥቶ አሸዋና ጡብ አጥሬ ሥር አራገፈ። «ይቅርታ ላላ፣ ሌላ ማስቀመጫ ስለሌለኝ ነው» አለ። መኪናው ሲመለስ የፊት ጎማው አንድ የሽንኩርት መደብ ጨፈለቀ።

ጡቡን ዞሬ ዞሬ አየሁት። ከዚያ ደግሞ አሰብኩ፦ የጡብ ክምር ቀን ሙሉ ሙቀት ይጠጣል፣ ሌሊት ይሰጣል። ዱባ የሚወደው ይህን ነው። ሦስት የዱባ ችግኝ ጡቡ ሥር ተከልኩ። ጉድጓዱን ክንዴ እስኪገባ ቆፍሬ ግማሹን የዓምና ፍግ ሞላሁት። የዘንድሮ ፍግ ገና ትኩስ ነው፤ ሥር ያቃጥላል።


ሚያዝያ 12

ቀኑን በሙሉ ከበለሷ ጋር ዋልኩ። የደረቁትን ቅርንጫፎች ቆረጥኩ፤ ግንዷን ኖራ ቀባሁ፤ ዙሪያዋን ኮትኩቼ ፍግ አለበስኩ፤ ከላይ ጭድ አደረግኩበት እርጥበቱ እንዳይሸሽ። ወተቷ ክንዴን አቃጠለው። ደስ አለኝ፤ ሙት ዛፍ ወተት የላትም።

ላላ ወርዲያ ከላይኛው መንገድ ሆነው ያዩኝ ነበር። ጎረቤቴ ናቸው፤ ጥርስ የላቸውም፣ ምላስ ግን አላቸው።

«አንቺ ጀጂጋ፣ ለሠርጓ ነው የምትኳያት?»

«መጽሐፉ ኖራ ነቀዝ ይከለክላል ይላል፣ ላላ።»

«መጽሐፉ ዶካር ስቀዪላት አይልም?»

ዶካር የምንለው የወንዴው በለስ ፍሬ ነው፤ አይበላም። ሰኔ ላይ ለቅመን፣ በሣር ገመድ አስረን ሴቷ ዛፍ ላይ እንሰቅለዋለን። ከውስጡ የሚወጡት ትንኝ የሚያክሉ ተርቦች ወደ ሴቷ ፍሬ ሲገቡ ፍሬው ዛፉን ይዞ ይቆያል። ካልተሰቀለ ቢጫ ሆኖ ይረግፋል። ይህን መንደራችን ውስጥ የማያውቅ ሰው የለም።

«መጽሐፉ በለስ ያለ ወንዴ ያፈራል ይላል» አልኳቸው። እውነቴን ነው፣ ይላል። ከባሕር ማዶ የመጣ በፈረንሳይኛ የተጻፈ የጓሮ አትክልት መጽሐፍ ነው።

«እንግዲህ የእነሱን በለስ ለእነሱ። ያንቺ እኛ መንደር ነው የበቀለችው።» ከዘራቸውን አንሥተው ሄዱ።

ምናልባት ዛፏ የጎደላት ፍግ ብቻ ይሆናል።


ሚያዝያ 25

ቲማቲሙን ከሲሊያ ጋር ወደ ውጭ አዛወርን። ግንዱን እስከ መጀመሪያዎቹ ቅጠሎች ድረስ ቅበሪው አልኳት፤ ከተቀበረው ግንድ ሥር ያወጣል። «ታዲያ እኔንም እስከ አንገቴ ቢቀብሩኝ ሥር አወጣለሁ?» አለች። ከዚህ መንደር መሰደድ የምትፈልግ መስሎኝ ነበር፤ አይደለም ለካ።

በየመሃሉ በሶብላ ተከልን። ውሃ ሥሩ ላይ፣ ፀሐይ ከወረደች በኋላ፤ ቅጠሉ ላይ ከፈሰሰ ሻጋታ ያመጣል። በቅጠሉና በግንዱ መካከል የሚወጣውን ቅርንጫፍ በጥፍር መቀንጠስ። ሲሊያ ዋናውን ቀነጠሰችው። አለቀሰች። «ሌላ ጎን ይወጣለታል» አልኳት፤ ወጣለትም አልወጣለትም እንድትለቅስ አልፈልግም።


ግንቦት 4

ሰሞኑን ባቄላው ላይ ክሽክሽ የሚሉት ጥቃቅን ተባይ ወጣ፤ ግንዱ ጠቁሯል። ሳሙና በውሃ በጥብጠን ረጨንበት፣ ጫፍ ጫፉን ቆረጥን። በማግስቱ ቀይ ጥንዚዛዎች መጥተው የቀረውን ጨረሱልን። ሲሊያ አንዷን መዳፏ ላይ ይዛ ለሊያስ ልታሳይ ሮጠች።

በለሷ ላይ ፍሬ አለ! ሽምብራ ሽምብራ ያህል ነው። በየቅርንጫፉ። ሁልጊዜም እስከዚህ ድረስ ይመጣል፤ አውቃለሁ። ቢሆንም።


ግንቦት 17

በግድግዳው በኩል ሰማሁ። ሰው ማድመጥ አልወድም፤ ነገር ግን ዳ በላይድ ሲናደዱ ተራራው ይሰማቸዋል።

ሊያስ፦ «አባባ፣ ከኛ ጣራ በላይ ለምን አንሠራም? ጓሮው ለምን?»

ዳ በላይድ፦ «ጣራዬን አትንካ።»

«ጣራው ምን ሆነ? ያፈሳል እኮ።»

«በገዛ እጄ ነው የሠራሁት። አትንካ አልኩ። ያቺ ዛፍ ግን ትቆረጥ። መስኮቴን በከፈትኩ ቁጥር የማየው እሷን ነው።»

ምን ለማለት እንደፈለጉ አልገባኝም። ዛፍ ማየት ምን ክፋት አለው?


ግንቦት 26

ዱባው ጡቡ ላይ መውጣት ጀምሯል። አበቦቹ ጠዋት ጠዋት እንደ ጡሩምባ ይከፈታሉ።

ሲሊያን አሳየኋት። ቀጭን አገዳ ላይ ያለው ወንዴው ነው፤ ከሥሩ ትንሽዬ ዱባ ያዘለችው ሴቷ ናት። ንብ ካነሰ ወንዴውን ቆርጦ፣ ቅጠሉን ልጦ፣ ዱቄቱን ሴቷ መሃል ላይ ማሸት ነው። በጠዋት፤ ረፋድ ላይ አበባው ይዘጋል። ቀስ ብላ ሠራችው። «አጋባኋቸው» አለች፣ ፊቷ በርቶ።

ከዚያ ቀና ብላ በለሷን አየች።

«ላላ፣ ለዱባ ወንዴ ካስፈለገው ለበለሷስ? ላላ ወርዲያ የሚሉት ዶካር እሱ አይደል?»

«እሱ ነው።»

«ታዲያ ለምን አንሰቅልላትም?»

«ዶካሩ ያለው ወንዝ ዳር ነው። ሩቅ ነው።»

«ሩቅ አይደለም፤ ሊያስ እዚያ ዓሣ ሲያጠምድ አይቻለሁ።»

ውሃ መቅጃውን አንሥቼ ወደ ቃሪያው ሄድኩ። ተከተለችኝ። ባልዲውን ያዘችልኝ። ብትከራከረኝ ይሻለኝ ነበር።


ግንቦት 27

ቀሲ የሞተው እዚያ ነው። ይህን መጻፍ እንዴት እስከ ዛሬ ተውኩት?

ሰኔ ነበር። ጎረቤቶቻችን ሁሉ ሰቅለው ጨርሰው ነበር። ከዶካሩ ዛፍ ሥር አገኙት፤ ሦስት ሦስት አድርጎ ያሰረው እጁ ላይ ነበር። ያን ዕለት ጠዋት ትከሻዬን ከበደኝ ብሎኝ ነበር። ሙቀት ነበር። እኔም

ዱባው ውሃ ይፈልጋል።


ሰኔ 3

ፍሬው የአውራ ጣት ጥፍር አክሏል። ቂጡ ላይ ያለችው ዓይን ተከፍታለች። ጊዜው አሁን ነው። ሴቶቹ በጠዋት ቅርጫት ይዘው ወደ ወንዙ ሲወርዱ ሳቃቸውን ሰማሁ። ላላ ወርዲያ እንኳ የልጅ ልጃቸውን ልከዋል።

ቲማቲሙን በዘንግ ደገፍኩ። ነጭ ሽንኩርቱን ነቀልኩ፤ ቅጠሉ ግማሹ ሲወይብ ነው የሚነቀለው። ጥላ ውስጥ ሰቀልኩት። ፎሶሊያ ዘራሁ። መደብ ጠረግኩ። የተጠረገውን መልሼ ጠረግኩ።

ለሁሉም ሥራ እግር አለኝ። ለአንዱ ብቻ ነው የሌለኝ።


ሰኔ 5

ዛሬ ጎህ ሲቀድ በሬን ብከፍት እጀታው ላይ ዶካር ተንጠልጥሏል! ትኩስ፣ ጤዛ ያለበት፣ በሣር ገመድ ሁለት ሁለት እየሆነ የታሰረ። ማን? ሲሊያን ጠየቅኳት፤ እሷ አይደለችም። ላላ ወርዲያን ጠየቅኩ፤ «እኔ ለሰው በር ዶካር የማንጠለጥል ምን ሆኜ?» አሉኝ።

ልሰቅለው መሰላል አቆምኩ። አንድ እርከን ወጣሁ። ያ ሽታ፤ ወንዝ ወንዝ የሚሸት የዶካር ሽታ። ወረድኩ። ትንሽ ልረፍ አልኩ። ቡና ጠጣሁ። ቤት ጠረግኩ።

መሸ።


ሰኔ 6

ዛሬ ጠዋት አንዱን ፈለጥኩት። ባዶ ነው። ተርቦቹ ትናንት ረፋድ ላይ ወጥተው፣ ኩሽናዬ ውስጥ፣ መስኮቱ ላይ ሞተዋል። ጥቁር ነጠብጣብ መስለው። ጠረግኳቸው።

እንዲህ ያለ ስንፍና አልሰማሁም። ማንም ይህን አያድርግ፦ የተለቀመ ዶካር ፀሐይ ሳይሞቅ መሰቀል አለበት።


ሰኔ 8

ጠዋት ከዛፏ ሥር ቢጫ ፍሬዎች ወድቀው አገኘሁ። ጥቂት ናቸው። ስለ ጥቂቶቹ ግን አውቃለሁ፤ ከእነሱ ኋላ ሌሎቹ ይከተላሉ።

ሲሊያ ጭዱ ላይ ተንበርክካ እየለቀመች ነበር። «መልሰን ልናጣብቃቸው አንችልም?» አለች። ያን የካሮቱን ቀን አስታወሰችኝ።

«ነገ ጎህ ሲቀድ ጫማ አድርገሽ ነይ» አልኳት። «ይህን የፕላስቲክ ነጠላ አይደለም። ጫማ።»


ሰኔ 9

ወረድን።

ለመጻፍ ብዙ አለኝ፤ ከየት እንደምጀምር አላውቅም። መንገዱ አልተለወጠም። ሲሊያ ከፊቴ እየሄደች ስለ ዱባዎቿ ታወራ ነበር፤ ስም አውጥታላቸዋለች። ወሬዋ እንዳይቆም እየጸለይኩ ተከተልኳት።

ከዛፉ ሥር ዳ በላይድ ተቀምጠው ነበር። ባርኔጣቸው ጉልበታቸው ላይ፣ ባርኔጣው ውስጥ ዶካር። ሲያዩን ሊነሡ ብለው መልሰው ተቀመጡ።

«በሩ ላይ ያንጠለጠልኩልሽን የት አደረስሽው?» አሉ።

«እርስዎ ነዎት?»

«ማን መስሎሽ ነበር? መልአክ?»

«ውሎ አደረብኝ። ተርቦቹ ወጥተው ነበር።»

«ሞኝ» አሉ። ለማን እንዳሉት አላወቅኩም፤ ወደ ውሃው እያዩ ነበር።

ሲሊያ ዝም ማለት አትችልም። «አባባ፣ ዛፏን ሊቆርጡ አይደል እንዴ? ታዲያ ዶካሩ ለምን?»

«ቃል ገብቻለሁ። ዶካር ያልሰቀሉላትን ዛፍ አላፈራሽም ብሎ መቁረጥ ማጭበርበር ነው። ሂጂ አንቺ፣ እነዚያን ከታች ያሉትን ልቀሚ።»

እስክትርቅ ጠበቁ። ከዚያ ዳ በላይድ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፦

«ቀሲ ያን ዕለት ከመውረዱ በፊት የመጣው እኔ ዘንድ ነው። ‹ትከሻዬን ከበደኝ፣ አንተ ውረድልኝ› አለኝ። እኔ ጣራዬን እየሠራሁ ነበር። መሰላሉ ላይ ሆኜ ‹ራስህ ውረድ፣ ሥራ ይዣለሁ› አልኩት። ዞር ብዬ እንኳ አላየሁትም።»

ከእኔ ዘንድ ወጥቶ ወደ እሳቸው ሄዶ ነበር ማለት ነው። ይህን አላውቅም ነበር። እረፍ የሚለው ሰው እየፈለገ ነበር።

እኔም ያን ዕለት «ነገ ይዘገያል» ብዬ እንደላክኩት ልነግራቸው ይገባ ነበር። አፌን ከፈትኩ።

«ሦስት ሦስት አድርገው ይሰሩት፣ ዳ በላይድ» አልኳቸው። «ሁለት ሁለቱን ነፋስ ያወርደዋል።»

ትኩር ብለው አዩኝ። «እሱም ሦስት ሦስት ነበር የሚያስረው» አሉና የታሰረውን ፈትተው እንደ አዲስ ማሰር ጀመሩ።

ፀሐይ ሳትበረታ ሰቀልን። ሲሊያ መሰላሉ ጫፍ ላይ፣ እኔ መሃሉ ላይ፣ ዳ በላይድ ከታች መሰላሉን ይዘው እየተቆጡ። ተርቦቹ ሲወጡ አየናቸው! ከዶካሩ ዓይን እየተሳቡ፣ ክንፋቸውን አራግፈው፣ ወደ ሴቶቹ ፍሬ። ሲሊያ እንደ ልጅ ጮኸች። እኔም ልጅ ሆንኩ።


ሰኔ 15

ሁለተኛውን ሰቀልን። በአንድ ጊዜ አይበቃም፤ ፍሬው ሁሉ እኩል አይደርስም። ዳ በላይድ አብረውን ወረዱ። ስለ ምንም አላወራንም። ስለ ቲማቲም ብቻ።


ሰኔ 30

መርገፉ ቆመ። ጠዋት ጠዋት ጭዱን በእጄ እዳስሳለሁ፤ አዲስ ፍሬ የለም። የቀሩት አረንጓዴና ጠንካራ ናቸው፤ ስነካቸው ቆመው ይጠብቁኛል። ምናልባት ከሁለት አንዱ ወድቋል፤ ዘግይተናል። የቀረው ግን ቀርቷል።

የመጀመሪያው ቲማቲም ቀላ! ለሁለት ቆርጠን ጨውና የወይራ ዘይት አድርገን እዚያው ጓሮው ውስጥ በላነው። ሲሊያ ጭማቂው አገጯ ላይ እየወረደ፣ «እስከ ዛሬ የበላሁት ምን ነበር?» አለች።


ሐምሌ 14

ሙቀት። ማታ ማታ ብቻ ውሃ። ጭድ ጨመርኩ።


ሐምሌ 19

ሊያስ ዶማ ይዞ መጣ። ሰው ቀጥሬአለሁ፣ በለሱን ሳልነካ የአጥሩን ጥግ መሠረት ልጀምር አለ። ጡቡን ሲያይ ግን ቆመ። ጡብ የሚባል አይታይም። ዱባው ከላይ እስከ ታች አልብሶታል፤ አሸዋውም ቅጠል ነው። በቅጠሉ መሃል ሦስት ዱባ እንደ ተኛ በግ ተቀምጧል።

«ይሄ ምንድን ነው?» አለ።

«ያ ትልቁ አባባ ነው» አለች ሲሊያ። «ይሄ ደግሞ አንተ ነህ። ጆሮህን ታያለህ?»

«ሲሊያ፣ ጡቤን ልውሰድ።»

«የዱባው ልጣጭ ጥፍር የማያስገባ እስኪሆን፣ አገዳው እስኪደርቅ አይነካም። ላላ እንደዚያ ብላለች። ያኔ ከተለቀመ ክረምቱን ሙሉ ይቀመጣል።»

«ላላ ጀጂጋ፣ ሚስቴን ገበሬ አደረግሻት።»

«እኔ ድንብላል ነው ያሳየኋት» አልኩት።

ዶማውን አጥሩ ላይ አስደግፎ ሄደ። ጥሎት ሄደ። አሁን እኛ እንጠቀምበታለን።


ነሐሴ 10

በለሶቹ አበጡ። አንዳንዱ አንገቱ መጉበጥ ጀምሯል። ወፎቹ ከሁላችንም ቀድመው ያውቃሉ፤ አሮጌ ካሴት ክር ቅርንጫፎቹ ላይ ዘረጋሁ፣ ነፋስ ሲነካው እንዲያብረቀርቅ። ሸንጎው ግን ገና አልፈቀደም። ከፈቃዱ በፊት በለስ የበላ ይቀጣል፣ የራሱ ዛፍ ቢሆንም፤ ዛፍ የሌለው ደሃም እኩል ቀን እንዲጀምር ነው።

ላላ ወርዲያ በአጥሩ አሻግረው ሲያዩ፣ «አሁን መጽሐፉ ምን አለ?» አሉኝ።

«ላላ ወርዲያን ጠይቂ ይላል» አልኳቸው። ጥርስ በሌለው አፋቸው እስኪያስላቸው ሳቁ።

አንድ ነገር ብቻ ያስፈራኛል። የዳ በላይድ ቃል ስለ በሰለ ፍሬ ነው። ቀኑ ከመጣና ካልበሰሉስ?


ነሐሴ 18

የምሥራቁ ቅርንጫፍ ላይ ያለች አንዲት በለስ ጠቆረች። ተሰነጠቀች። የማር ጠብታ ዓይኗ ላይ አለ። ሌሎቹ ገና ናቸው። በጨርቅ ከረጢት ሸፈንኳት፣ እንደ ሕፃን።

ያዢ፣ የኔ ቆንጆ። ትንሽ ብቻ ያዢ።


ነሐሴ 21

ከዓርብ ጸሎት በኋላ በድምፅ ማጉያው ተነገረ፦ ከነገ ጀምሮ በለስ ተፈቅዷል። ልጆች በየመንገዱ ጮኹ።

ልተኛ ነው። አልተኛም።


ነሐሴ 22

ዳ በላይድ ጎህ ሳይቀድ መጥተው ውጭ ቆመው ነበር። ስከፍት ፂማቸውን ተላጭተው፣ የዓርብ ልብሳቸውን ለብሰው አገኘኋቸው። ሊያስና ሲሊያ ከኋላ። ላላ ወርዲያ ከላይኛው መንገድ፣ በአጋጣሚ።

ከረጢቱን ፈታሁ። ከእሷ ጎን ሌሎች አራት አምስት በሌሊቱ ጠቁረዋል። ከዚያ ከተቃራኒው ጎን ሌላ። እኔ እንኳ አላየኋቸውም ነበር።

የመጀመሪያዋን ቆርጬ ሰጠኋቸው። ወተቷ ጣታቸው ላይ ፈሰሰ። ለሁለት ከፍለው ውስጧን አዩት፤ ቀይ፣ ፍሬ ፍሬ። ግማሹን ለእኔ ሰጥተው የራሳቸውን ጎረሱ። አኘኩ። ለረጅም ጊዜ አኘኩ።

«የሱ ናት» አሉ በመጨረሻ። «ጣዕሟ አልተለወጠም።»

ሊያስ ጉሮሮውን ጠረገ። «ታዲያ እኛስ አባባ? ቤቱስ?»

ዳ በላይድ ወደ ቤታቸው ዞረው ጣራውን አዩት። ያን በገዛ እጃቸው የሠሩትን፣ የሚያፈሰውን።

«አፈርሰዋለሁ» አሉ። «ከላይ ሥራ።»

ሲሊያ እጇን አፏ ላይ ጫነች። ሊያስ የሰማውን እንዲደግሙለት የፈለገ መሰለ፤ አልደገሙም። አጥሩ ጋ ሲደርሱ ዱባዎቹን በከዘራቸው ነካ አደረጉና፣ «ትልቁ ማን ነው አላችሁ?» ብለው ጠየቁ።

«እርስዎ ነዎት» አልኳቸው።

«አብጫለሁ» ብለው ሄዱ።


መስከረም 2

ሲሊያ ከአሁኑ የአዲሱ ክፍሏ መስኮት በየት በኩል እንደሚሆን በኖራ ግድግዳው ላይ ምልክት አድርጋለች። ወደ ጓሮው ነው። ትርፉን በለስ ጣራው ላይ ምንጣፍ ዘርግተን እያደረቅን ነው፤ ማታ ማታ እየከደንን፣ ጤዛ እንዳይነካው። ጣራው ከመፍረሱ በፊት የመጨረሻ ሥራው ይህ ይሁን አሉ ዳ በላይድ።

ለሚመጣው ዓመት እንዳልረሳ፦ ነጭ ሽንኩርት በጥቅምት ይተከላል። ለቲማቲም ዘር የሚሆነው ከሁሉም ያማረው ነው፤ እሱን አለመብላት። ካሮቱን ሲሊያ ትዝራው፣ እንድታውቀው። ዱባ በጡብ አጠገብ እንዲሁ ይሁን፣ ጡብ ከተረፈ።

ሰኔ ሲገባ ወደ ወንዙ እንወርዳለን። ከመካከላችን ትከሻዬን ከበደኝ ያለ እንደሆነ ጥላ ሥር ይቀመጣል፤ ውሃ አመጣለታለሁ። የዶካሩ ዛፍ ፍሬውን በአንድ ቀን አያበስልም። ዛሬ ያልደረሰው ነገ ይደርሳል።

ነገ አይዘገይም።